«አቤት» የማይል ቁልፍ

የአንባቢያን ጥያቄና የአዘጋጁ መልስ

ጥያቄ

የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በሰሜን ሸዋ ለሚሠራ አንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር በብራውዘር የሚከፈት የሒሳብ መተግበሪያ ፒኤችፒ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፌ ካስረከብሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሰርቨሩ እዚሁ ደብረ ብርሃን ዋናው ቢሮ የተቀመጠ ሲሆን ከፊቱ ጥያቄዎችን ተቀብሎ ወደ ፒኤችፒው የሚያሳልፍ ኤንጂንኤክስ የተባለ ፕሮግራም አለ፤ የደብረ ሲናና የመሐል ሜዳ ቅርንጫፎች በሞባይል ዳታ ይገቡበታል። የማኅበሩ አባላት 1,860 ናቸው። ወር ሲያልቅ የሁሉም ወለድ ተሰልቶ ሪፖርቱ እስኪወጣ ሦስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ሠራተኞቹ ግን ያን ያህል ስለማይታገሡ «ቆመብን» እያሉ ቁልፉን ይደጋግሙታል፣ በደጋገሙት ቁጥርም ሰርቨሩ ይብሱን ይከብደዋል። ከዚህ የባሰው ባለፈው ወር የሆነው ነው። የመሐል ሜዳዋ ገንዘብ ተቀባይ የአንዲት እናትን 500 ብር ስታስገባ ኔትወርኩ ስለዘገየባት ሁለት ጊዜ ተጭና ኖሮ፣ በእናትየዋ ደብተር 500 የሆነው በኮምፒዩተሩ 1,000 ሆኖ ተገኘ። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ የካዝና ጉድለት ለሦስት ቀን በገንዘብ ተቀባይዋ ስም ተይዞ ሰነበተ። የሚሽከረከር የመጠበቂያ ክብ ባስገባም ለውጥ አላየሁም፤ እንዲያውም ክቡ ሲዞር ቆይቶ «504» የሚል የስሕተት ገጽ ይመጣል። ክቡን ላሳምረው ወይስ ሌላ መላ አለው?

መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ ከቴክኒኩ ቀድማ የታየችኝ ገንዘብ ተቀባይዋ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የኅዳር ጠዋት፣ እዚያው ደብረ ብርሃን በአንድ ቢሮ ተራዬን ስጠብቅ ያየሁትን አስታወሰችኝ። ውርጩ ገና አልለቀቀም ነበር፤ ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ሠራተኛ ጋቢ ደርባ፣ ማውሱን የያዘውን እጇን በየመሐሉ በትንፋሿ ታሞቃለች። «መዝግብ» የሚለውን ቁልፍ ተጫነች። በስክሪኑ ላይ አንዳች ነገር አልተለወጠም። ትንሽ ጠበቀች፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ «አልሄደልኝም መሰለኝ» አለችና ደግማ ተጫነች፤ ቆይታ ደግሞ ሦስተኛ። ያቺ ሠራተኛ አላጠፋችም። ሰው ጠርተው «አቤት» ሳይባሉ ሲቀሩ ድምፅን ከፍ አድርጎ መድገም ያለ ነው፤ ቁልፉም ሲጠራ «አቤት» ስላላላት ደግማ ጠራችው። የመሐል ሜዳዋም ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ጉድለቱ በስሟ መያዙ እንደ አንድ የሙያው ሰው አሳዝኖኛል።

ሰው ለማሽን ዝምታ ያለው ትዕግሥት ምን ያህል እንደሆነ ከጥንት ጀምሮ የታሰበበት ጉዳይ ነው። የአይቢኤሙ ሮበርት ሚለር እ.ኤ.አ. በ1968 ባቀረበው ጽሑፍ፣ በኋላም የአጠቃቀም ምቹነት ተመራማሪው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳብራራው፣ ምላሹ በ0.1 ሰከንድ ከመጣ ተጠቃሚው ነገሩን በገዛ እጁ እንዳደረገው ይሰማዋል፤ እስከ 1 ሰከንድ ድረስ መዘግየቱን ቢያስተውልም ሐሳቡ አይቋረጥም፤ ከ10 ሰከንድ ካለፈ ግን ዓይኑም ልቡም ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። ይህን ወደ እርስዎ ቢሮ ስናመጣው፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ስትጫን ቁልፉ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ መልኩን መለወጥና ጽሑፉን «እየተላከ ነው» ወደሚል መቀየር አለበት፤ ይህንንም የሚያደርገው ብራውዘሩ ራሱ፣ እዚያው መሐል ሜዳ፣ ከሰርቨሩ ምንም ሳይጠብቅ ነው። ኔትወርኩ የፈለገውን ያህል ቢዘገይ የመጀመሪያው «አቤት» በኔትወርክ ላይ የሚመሠረትበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ክቡ ልምጣ። ክቡ ለውጥ ያላመጣው ስላላማረ አይደለም። ክቡን የሚያሽከረክረው የሠራተኛዋ ብራውዘር ነው፤ ስለ ሰርቨሩ የሚያውቀው ነገር የለውም። ደብረ ብርሃን መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ቢሞት እንኳ መሐል ሜዳ ላይ ያው ክብ በያው ፍጥነት መዞሩን አያቆምም። ሠራተኞች ይህን በቃላት ባይገልጹትም በልምድ ያውቁታል፤ ሥራው ሲሠራም ሲቆምም አንድ ዓይነት የሆነን ነገር ማመን አቁመዋል። ለሁለት ለሦስት ሰከንድ ሥራ ክብ በቂ ነው፤ ከአንድ ሰከንድ በታች ለሚያልቅ ሥራ ግን ብልጭ ብሎ መጥፋቱ ስለሚያደናግር ጭራሽ ባይታይ ይሻላል። ለሦስት ደቂቃ ሥራ ክብን ብቻውን ማስቀመጥ ሰውን ያለ ዜና ደጅ ማስጠናት ነው።

«504» የሚመጣው እንዲህ ነው። ኤንጂንኤክስ በመነሻ አሠራሩ ከኋላው ካለው ፕሮግራም 60 ሰከንድ ምንም ካልሰማ ተስፋ ቆርጦ ይህን ቁጥር ለብራውዘሩ ይልካል። ፒኤችፒው ግን ይህን ስለማያውቅ አብዛኛውን ጊዜ ስሌቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ሠራተኛዋ «አልተሳካም» የሚል ገጽ እያየች ሥራው ከጀርባ እየተሠራ ነው፤ ደግማ ስትጫን ሁለት ስሌቶች ጎን ለጎን ዳታቤዙን ይሻሙታል፣ ሁለቱም ይዘገያሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ 60ውን ወደ 300 ያሳድገውና ችግሩ ተፈታ ይላል። እኔ አልመክርዎትም፤ የስሕተቱ ገጽ ይጠፋል እንጂ ዝምታው ይረዝማል። ፒኤችፒ አንድ ሥራ እንዲሠራ የሚፈቅድበትን የ30 ሰከንድ ገደብ ማሳደግም እንዲሁ ነው፤ በሊኑክስ ላይ ደግሞ ያ ገደብ ዳታቤዙን በመጠበቅ የሚያልፈውን ጊዜ ስለማይቆጥር ምናልባት ሲሠራም አላዩትም ይሆናል።

መላው ሥራውን መቀበልና ሥራውን መሥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ማድረግ ነው። ወፍጮ ቤት እህል ያስገባ ሰው ድንጋዩ ሥር ቆሞ አይውልም፤ እህሉ ይመዘንለታል፣ ተራ ይያዝለታል፣ እሱም ገበያውን አዳርሶ ይመለሳል። የእርስዎም ሰርቨር «ሪፖርት አውጣ» ሲባል ስሌቱን አይጀምር፤ በዳታቤዙ ውስጥ ለሥራዎች በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ላይ አንድ መስመር ይጻፍ፣ ማን እንዳዘዘው፣ ለየትኛው ወር እንደሆነ፣ መቼ እንደታዘዘ ይመዝግብና የሥራውን ቁጥር ይዞ ወዲያውኑ ይመለስ። ብራውዘርና ሰርቨር በሚነጋገሩበት በኤችቲቲፒ ቋንቋ ለዚህ የተመደበው ምላሽ 202 ነው፤ ትርጉሙም «ተቀብያለሁ፣ ገና አልጨረስሁም» ማለት ነው። ስሌቱን የሚሠራው ከጀርባ ሆኖ ሠንጠረዡን የሚከታተል ሌላ ፕሮግራም ይሆናል። ለአንድ ወር የተጀመረ ስሌት ካለ ሁለተኛ የሚያዘው ሰው አዲስ ሥራ አይከፈትለት፤ የተጀመረው ሥራ ቁጥር ይሰጠው። ያን ጊዜ ከደብረ ሲናም ከመሐል ሜዳም ሃያ ጊዜ ቢጫኑት ስሌቱ አንድ ብቻ ነው፣ ሁሉም የሚያዩትም ያንኑ ሥራ ነው።

የሠራተኛዋ ገጽ ከዚያ በኋላ በየ2 ሰከንዱ «ሥራው የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ግማሽ ደቂቃ ካለፈ በየ5 ሰከንዱ ይበቃል። ሰርቨሩ ራሱ ዜናውን እየላከ የሚያደርስበት ሌላ መንገድም አለ፤ ነገር ግን ኤንጂንኤክስ መልእክቱን አጠራቅሞ እንዳይዘው ማስተካከያ ይፈልጋል፣ ግንኙነቱም ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት፤ በየመሐሉ ለሚቆራረጥ የሞባይል ዳታ እየጠየቁ መሄዱ የተሻለ ይመስለኛል። ሠራተኛዋ ወደ ሌላ ትር ከሄደች ብራውዘሩ የተደበቀውን ገጽ ሰዓት ቆጣሪ ስለሚያዘገየው፣ ስትመለስ ገጹ ወዲያውኑ አንድ ጊዜ እንዲጠይቅ ያድርጉት።

እዚህ ላይ ብዙዎችን ለቀናት ያደከሙ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው የፒኤችፒ ሴሽን፣ ማለትም የገባውን ሠራተኛ ማንነት የሚይዝበት መዝገብ ነው። ፒኤችፒ ሴሽኑን በፋይል ሲይዝ አንድ ጥያቄ እስኪያልቅ ድረስ ያንን ፋይል ቆልፎ ስለሚያቆየው፣ ከዚያው ሰው የሚመጣ ሌላ ጥያቄ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በመተግበሪያው ውስጥ ረጅም ጥያቄ ከቀረ «የት ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ ረጅሙ እስኪያልቅ መልስ አያገኝም፤ ሦስት ደቂቃ ዜሮ ላይ ቆይቶ በድንገት መቶ ይሆናል። ሴሽኑን ካነበቡ በኋላ «ሴሽን ራይት ክሎዝ» በሚለው ትእዛዝ ቶሎ መልቀቅ ነው። ሁለተኛው ወጥመድ ከዳታቤዙ ዘንድ ነው። ስሌቱ በአንድ ትራንዛክሽን (ሁሉም አብሮ በሚጸና ወይም አብሮ በሚሰረዝ የሥራ ጥቅል) ውስጥ የሚካሄድ ከሆነ፣ የሂደቱን ቁጥር በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ ከጻፉት እስኪጸና ድረስ ሌላ ማንም አያየውም። ቁጥሩን በሌላ የዳታቤዝ ግንኙነት ይጻፉት።

ስለ ቁጥሩ ራሱ ጥቂት ልበል። የኮምፒዩተር ተመራማሪው ብራድ ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጥናት ሰዎች ሥራው ምን ያህል እንደተጠናቀቀ የሚያሳይ ምልክት ያለበትን ከሌለበት እንደሚመርጡ አሳይቷል፤ የእርስዎ ሥራ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው፤ የሚቆጠር ነገር አለውና። «የጥቅምት ወር ወለድ እየተሰላ ነው፤ ከ1,860 አባላት የ412ቱ ተሠርቷል» የሚል መስመር፣ ከሥሩም የሚሞላ አሞሌ፣ ለሠራተኛዋ ከማንኛውም ጌጥ ይበልጣል፤ 412 የነበረው 440 ሲሆን ሰርቨሩ በሕይወት እንዳለ ራሷ ታያለች። በየአባሉ ሳይሆን በየ20 አባሉ ማደሱ ይበቃል። እባክዎ በግምት የሚሞላ አሞሌ አይሥሩ። እስከ 99 በመቶ ሮጦ እዚያ የሚቆም አሞሌ አይቼ አውቃለሁ፤ ሠራተኞቹ ከሁለተኛው ወር በኋላ ዞር ብለውም አያዩትም ነበር። የማይቆጠር ክፍል ካለ፣ ለምሳሌ ሪፖርቱ ወደ ፒዲኤፍ ሲለወጥ፣ የኤችቲኤምኤሉን የፕሮግረስ አሞሌ ያለ ቁጥር ይተዉት፤ ያን ጊዜ መጠኑ ያልታወቀ ሥራ መሆኑን ራሱ ያሳያል። «ሁለት ደቂቃ ቀርቷል» ብሎ ቃል ከመግባትም «ባለፈው ወር 3 ደቂቃ ፈጅቶ ነበር» ማለት ይሻላል፤ ይህኛው ሐሰት ሊሆን አይችልም።

መብራት በሚጠፋበት አገር አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልጋል። ስሌቱ 412 ላይ ሳለ ሰርቨሩ ቢጠፋ፣ ሠንጠረዡ ላይ ያ ሥራ «በመሠራት ላይ» እንደተባለ ለዘላለም ይቀራል። ስለዚህ የጀርባው ፕሮግራም ሲነሣ በመጀመሪያ የተቋረጡትን ፈልጎ «መብራት በመጥፋቱ ተቋርጧል» የሚል ምልክት ያድርግባቸው ወይም ካቆመበት ይቀጥል። ገጹም ምላሽ ሲያጣ ዝም አይበል፤ «ከዋናው ቢሮ የመጨረሻ ዜና የመጣው ከ40 ሰከንድ በፊት ነው፤ በድጋሚ እየሞከርሁ ነው» ይበል።

የ500 ብሩ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ አጭር ሥራ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ እንዲያስተካክሉት የምለምንዎ እሱን ነው። ቁልፉን ከመጀመሪያው ጭነት በኋላ መዝጋት ጥሩ ቢሆንም አይበቃም፤ ገጹን ያደሰች ወይም ወደ ኋላ ተመልሳ የላከች ሠራተኛ ያልፈዋል። የመመዝገቢያው ቅጽ ሲከፈት ለዚያ አንድ ክፍያ ብቻ የሚሆን የማይደገም ቁጥር ይፍጠሩለት፣ ከብሩ ጋር አብሮ ይሂድ፣ በዳታቤዙም ውስጥ ያ ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይገባ ገደብ ይጣልበት። ሁለተኛው ጭነት ሲመጣ ሰርቨሩ በስሕተት መልእክት አይመልሰው፤ የመጀመሪያውን ደረሰኝ ያንኑ መልሶ ይስጣት። ለእሷ አንድ ጊዜ የተጫነችውም አምስት ጊዜ የተጫነችውም ውጤቱ አንድ ይሆናል።

ቃላቱንም በጥንቃቄ ይምረጡ። በአማርኛ መተግበሪያዎች ውስጥ «እባክዎ ይጠብቁ»፣ «ተሳክቷል»፣ «አልተሳካም» የሚሉት ሦስቱ ያለ ቦታቸው ሁሉ ይገባሉ፤ ገንዘብ የያዘ ሰው ማወቅ የሚፈልገውን ግን አንዳቸውም አይናገሩም። «ደርሷል» እና «ተመዝግቧል» የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ሰርቨሩ ጥያቄውን ተቀበለ ማለት ሲሆን ሁለተኛው ብሩ እናትየዋ ሒሳብ ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ አንዱን በሌላው ቦታ ከጻፉት ደብተሩ ያለጊዜው ይፈረማል። «አልተሳካም» ሲባል ደግሞ ሠራተኛዋ ብሩን ልመልስ ወይስ ልያዝ ብላ ትጨነቃለች። «ብሩ አልተመዘገበም፤ እንደገና መላክ ይችላሉ» ቢባል ጭንቀቱ የለም። ኔትወርኩ በመሐል ተቋርጦ መግባት አለመግባቱ ካልታወቀም እሱኑ በግልጽ መናገር ነው፦ «መመዝገቡ ገና አልተረጋገጠም፤ ብሩን ይያዙ፤ በራሴ እያጣራሁ ነው»። የማይደገመው ቁጥር ስላለ ገጹ ያለ ሥጋት ደግሞ ሊልከው ይችላል።

ሰዓቱንም አይርሱ። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 7፡12 ብሎ የያዘውን ሠራተኛዋ «ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ12» ነው የምትለው፤ «ሥራው በ7፡12 ተጀምሯል» የሚል ገጽ ስታይ ከሦስት ሰዓት በኋላ የሚጀመር ነገር ወይም የትናንት ሥራ ይመስላታል። በእሷ ሰዓት ይጻፉላት። ማየት ለተሳናቸውና ስክሪን አንባቢ ለሚጠቀሙም የሂደቱ መስመር «ኤሪያ ላይቭ» በሚለው ምልክት ይታሰር፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ቁጥር እንዳያነብባቸው በሩብ፣ በግማሽና በመጨረሻው ላይ ብቻ ይናገር።

በመጨረሻ፣ የ1,860 ሰው ወለድ ሦስት ደቂቃ መፍጀቱ ራሱ ይበዛብኛል። ፕሮግራሙ ዳታቤዙን ለእያንዳንዱ አባል ለየብቻ እየጠየቀ፣ በአባል ቁጥሩ ላይም ኢንዴክስ (ፈጥኖ መፈለጊያ ማውጫ) የሌለው ሳይሆን አይቀርም፤ ይመልከቱት። ወደ ጥቂት ሰከንድ ቢወርድ ደስ ይለኛል፤ ለ«መዝግብ» ቁልፍ የነገርሁዎ ግን ስሌቱ ቢፈጥንም ሳይቀር መሠራት አለበት፣ የኔትወርኩ መዘግየት በእርስዎ እጅ አይደለምና።

ጥያቄ

እኔ ደግሞ ሸዋ ሮቢት በአንድ ቢሮ መዝገብ የምሠራ ሠራተኛ ነኝ እንጂ ፕሮግራም ጸሓፊ አይደለሁም። ገጹ ሲዘገይብኝ ዘግቼ እንደገና ብከፍተው ጉዳት አለው? ባልደረቦቼ «ሥራው ይሰረዛል» ይሉኛል።

መልስ

እህቴ፣ ገጹን መዝጋት ሥራውን ይሰርዛል ብለው አይቁጠሩ። ጥያቄው አንዴ ሰርቨሩ ዘንድ ከደረሰ ብራውዘርዎ ቢዘጋም አብዛኛውን ጊዜ እስከ መጨረሻው ይሠራል። ስለዚህ ዘግቶ መክፈቱ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ከፍቶ ሳያዩ ወዲያውኑ ደግሞ መላክ ነው። እንደገና ሲገቡ በመጀመሪያ የዕለቱን ዝርዝር ይክፈቱ፣ የመጨረሻውን መዝገብ ስምና መጠን ይመልከቱ፤ ካለ አይድገሙት። ከሌለ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይተው ዳግም ይዩ፤ የዘገየ ሥራ ዝርዝሩ ላይ የሚታየው ካለቀ በኋላ ነው። ገጹን ሲያድሱ ብራውዘሩ «ቅጹ እንደገና ይላክ?» የሚል ጥያቄ ካወጣ «ይቅር» የሚለውን ይምረጡ፤ እሺ ካሉት የመጀመሪያውን መዝገብ ደግሞ ይልከዋል። የዘገየበትን ሰዓትና ሲሠሩ የነበረውን በወረቀት ጽፈው መተግበሪያውን ለሠራላችሁ ሰው ይስጡት፤ ከእናንተ ቢሮ የሚመጣ እንዲህ ያለ ማስታወሻ ከሌለው የት ላይ ዝም እንደሚል እሱ ራሱ አያውቅም።